ሔዋንና አጋር፤ አንዱን መጽሐፍ በየወገናቸው ስላነበቡ ሴቶች

ስለ ወንድና ስለ ሴት ትክክልነት የሚደረገው ክርክር በዓለም ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በእኛም ዘንድ ነገሩ በተነሣ ቍጥር ደጋፊውም ነቃፊውም «ፌሚኒዝም» የሚለውን ስም እንደ አንድ ማኅበር ስም፤ ትምህርቱንም እንደ አንድ ሰው ቃል ቈጥሮ ሲናገር ይሰማል። ደጋፊው ሁሉን በጅምላ ይቀበላል፤ ነቃፊውም ሁሉን በጅምላ ይጥላል፤ መጽሐፉን ገልጦ ማን ምን እንዳለ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ያላነበቡትን ማመስገንም፣ ያላነበቡትን መንቀፍም፣ ጉባኤ ዘርግተው ካስተማሩ ሊቃውንት እግር ሥር ላደገ ሕዝብ የሚገባ ሥራ አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ገጽ የእነዚህን ወገኖች መጻሕፍት በጥቂቱ ገልጠን የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን፤ ከሁሉም ይልቅ እኛን የሚነካንን ለይተን እናሳያለን። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ጽፈናል።

ወገኖቹ ብዙ ቢሆኑም ዋና ዋናዎቹን በአራት መመደብ ይቻላል። የመጀመሪያው ወገን ሕግንና ትምህርትን የሚጠይቀው ነው። እንግሊዛዊቱ ሜሪ ዎልስተንክራፍት በ1792፣ ጆን ስቱዋርት ሚልም በ1869 ያሳተሟቸው መጻሕፍት የዚህ ወገን ዐምዶች ናቸው። ለሴት ተፈጥሮ አእምሮ አልነሣትም፤ የጐደላት ትምህርትና መብት ነውና የተዘጋው በር ይከፈትላት ይላሉ። ሁለተኛው ወገን የሥራንና የሀብትን ነገር የሚመረምር ነው። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1884 እንደ ጻፈው የሴት መገዛት ከግል ሀብት ጋር የመጣ ነው፤ የሀብቱ ሥርዐት ሳይለወጥ ሕጉ ብቻ ቢለወጥ ነፃነቱ ሙሉ አይሆንም ይላል። ሦስተኛው ወገን ሥሩን ቈፍሮ እነቅላለሁ የሚለው ነው። ለዚህ ወገን የነገሩ ሥር የወንድ ገዥነት ራሱ ነው፤ ይህም በሸንጎ ብቻ ሳይሆን በጓዳ፣ በመኝታ፣ በቋንቋም ጭምር ይገኛል። ኬት ሚሌት በ1970 ያወጣችው መጽሐፍ ከዚህ ወገን ዋነኞች አንዱ ነው። አራተኛው ወገን ደግሞ ሴት ሴት ብቻ አይደለችም የሚለው ነው፤ ድኻም ናት፣ ባለጸጋም ናት፤ ጥቁርም ናት፣ ነጭም ናት፤ እመቤትም ናት፣ ገረድም ናት። ቤል ሁክስ በ1981፣ ኪምበርሊ ክሬንሾም በ1989 ይህን ሐሳብ በየበኩላቸው አስፍተው ጽፈዋል።

አራቱን ወገኖች በመጻሕፍቶቻቸው ሁሉ እየተከተሉ መመርመር የአንድ ጋዜጣ ገጽ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄዎቻቸው ተራ በተራ የሚገናኙበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም ኦሪት ዘፍጥረት ነው። ከ1837 ጀምሮ በአሜሪካ የተነሡ ሴቶች የሔዋንን ታሪክ እንደየወገናቸው ተርጕመውታል፤ ኋላም ከሔዋን ወደ አጋር ተሻግረዋል። የአንድምታን ትርጓሜ ለለመደ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ መምህሮቻችን አንዱን ቃል ተቀብለው «አንድም» እያሉ ብዙ መንገድ ያሳዩበታልና። የእነዚህ ሴቶች ትርጓሜ ከአባቶች ትርጓሜ ጋር በሥልጣን ይተካከላል ማለታችን አይደለም፤ አንድን ቃል ማን እንደሚያነበው፣ ከየት ሆኖም እንደሚያነበው ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስተምር ለማሳየት ነው እንጂ።

የመጀመሪያይቱ ሣራ ግሪምኬ ናት። በ1792 በደቡብ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ከተማ፣ ብዙ ባሪያዎች ካሉት ዳኛ ቤት ተወለደች። ሕግ ለመማር ብትመኝ ሴት በመሆንዋ ተከለከለች። ታገለግላት ለነበረችው ባሪያ ልጅም ፊደል ማስተማር የተከለከለ ስለ ነበረ በስውር ታስተምራት ነበር። ኋላም የአባትዋን አገር ትታ ወደ ፊላደልፍያ ሄደች፤ ኵዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ማኅበር ገባች፤ ከእኅትዋ ከአንጀሊና ጋርም ባርነት እንዲቀር በየጉባኤው ትናገር ጀመር። በ1837 በማሳቹሴትስ የነበሩ ሰባኪዎች ሴት በአደባባይ መናገርዋን የሚነቅፍ ደብዳቤ ባወጡ ጊዜ ሣራ ስለ ሁለቱ ፆታዎች ትክክልነት ተከታታይ ደብዳቤዎችን ጻፈች፤ እነርሱም በ1838 መጽሐፍ ሆነው ታተሙ።

ሣራ ግሪምኬ መጽሐፍ ቅዱስን አትነቅፍም፤ የምትነቅፈው ተርጓሚውን ነው። ከበደል በኋላ ባል በሚስቱ ላይ እንደሚሠለጥን ለሔዋን የተነገራት ቃል ትእዛዝ ሳይሆን ትንቢት ነው ትላለች፤ ኃጢአት ምን እንደሚያመጣ መናገር ነው እንጂ እንዲህ ይደረግ ማለት አይደለም። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ግን በሚስቶቻቸው ላይ መሠልጠንን የለመዱ ነበሩና ቃሉን ወደ ትእዛዝ አዘነበሉት ብላ ትከስሳለች። ሴቶች ዕብራይስጥና ጽርእ ለመማር የተፈቀደላቸው እንደ ሆነ የመጽሐፉ ንባብ በአንዳንድ ስፍራ ሌላ መልክ እንደሚያገኝም ታመለክታለች። ይህ ትርጓሜ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እሾኽ ምድርን እንደሚወርስ፣ እንጀራም በወዝ እንደሚበላ በዚያው ምዕራፍ ተነግሯል፤ ገበሬ እሾኹን በነቀለ ጊዜ ግን የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ተላለፍህ የሚለው ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። እሾኹን መንቀል ከተፈቀደ የባልን ጭካኔ መንቀል የሚከለከልበት ምክንያት ምንድር ነው?

የግሪምኬ ጕድለት በትርጕም መቃናት ላይ እጅግ መታመንዋ ነው። ቃሉ በትክክል ከተተረጐመ ሰው ሁሉ የሚታረም ይመስላታል፤ በደለኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚበድለው ቃሉን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ከዚህ በቀር አንድ ታላቅ ምስጋና ይገባታል። የነጮቹን ሴቶች በደል ስትቈጥር የባሪያዎቹን ሴቶች መከራ አልረሳችም፤ እመቤቶቻቸው ያን መከራ እያዩ ዝም ማለታቸውንም ሳትሸሽግ ጽፋለች። ስምዋ ሣራ ነበረ፤ የባሪያ ጌቶችም ልጅ ነበረች፤ ነገር ግን አጋርን አይታታለች።

ሁለተኛይቱ ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተን ናት። በ1848 በሴኔካ ፎልስ የተደረገውን የሴቶች መብት ጉባኤ ካሰናዱት አንዲቱ እርስዋ ነበረች፤ ሕግና የምርጫ መብት የሚጠይቀውም ወገን በአሜሪካ ከእርስዋ የሚበልጥ ጠበቃ ያገኘ አይመስለንም። ዕድሜዋ ወደ 80 በደረሰ ጊዜ፣ በ1895 የመጀመሪያውን ክፍል፣ በ1898 ሁለተኛውን ክፍል «የሴት መጽሐፍ ቅዱስ» በሚል ስም አሳተመች። የሥራው አኳኋን እንዲህ ነበረ፤ ስለ ሴት የሚናገሩትን ምንባቦች ብቻ ከመጽሐፍ ቅዱስ በመቀስ እየቈረጡ በባዶ ደብተር ላይ ለጠፉ፤ ከበታቻቸውም ማኅበርተኞቹ ሴቶች ትችታቸውን ጻፉ። በእርስዋ ስሌት እነዚህ ምንባቦች ከመላው መጽሐፍ ዐሥረኛው እጅ ብቻ ናቸው።

በዚህ መጽሐፍ የሔዋን ነገር ሲተረጐም ያልተለመደ ድምፅ ይሰማል። ፈታኙ ሔዋንን የማረካት በዕንቍና በልብስ አይደለም፤ በዕውቀት ተስፋ ነው፤ እንግዲያስ ዕውቀትን መሻትዋ የባሕርይዋን ከፍታ ያሳያል ይላል። ሐሳቡ ብልሃት አለው፤ ሴትን ከንቱ ነገር ወዳድ አድርጎ የሚሣለውን ሰው አፉን ያስይዘዋል። ዳሩ ግን መተላለፍን እንደ ጀግንነት መቍጠር ታሪኩ የሚሸከመው ትርጕም አይደለም፤ በታሪኩ መጨረሻ አዳምም ሔዋንም ተሸሽገው ይገኛሉና።

ከዚህ የሚበልጠው ጕድለት ግን በመቀሱ ላይ ነው። ከፊቱና ከኋላው የተለየ ቃል ከሥሩ እንደ ተነቀለ ቡቃያ ነው። ስለ ሴት አይናገሩም ተብለው በተተዉት ዘጠኙ እጆች ውስጥ የመበለትና የድኻ አደግ ፍርድ አለ፤ የእስራኤል ከባርነት መውጣት አለ፤ የነቢያት ተግሣጽ አለ። ሴት ሰው ናትና ስለ ሰው የተነገረው ሁሉ ስለ እርስዋም የተነገረ ነው። ለሴት የተጻፈላት ዐሥረኛው እጅ ብቻ ነው ማለት፣ ምንም እንኳ በመልካም ሐሳብ ቢሆን፣ ሴትን ከሰውነት ከሚያሳንሱት ጋር ሳያውቁ መስማማት ነው። የገዛ ማኅበርዋም ይህን ሥራ አልተቀበላትም። በ1896 በተደረገው ጉባኤ 53 ድምፅ በ41 በልጦ ማኅበሩ ከመጽሐፉ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም ተብሎ ተወሰነ፤ የብዙ ዘመን ባልንጀራዋ ሱዛን አንቶኒ ግን ውሳኔውን ተቃውማ ተናገረች። ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ባርነት ከቀረ በኋላ የምርጫ መብት ከነጭ ሴቶች አስቀድሞ ለጥቁር ወንዶች መሰጠቱን ስትቃወም ጥቁሮቹንና መጻተኞቹን የሚያዋርድ ቃል ተናግራለች። ለሔዋን ጠበቃ ሆና ሳለ አጋርን ከደጅ ተወቻት።

ሦስተኛይቱ ሥሩን እነቅላለሁ ከሚለው ወገን የሆነችው ሜሪ ዴሊ ናት። የካቶሊክ ሴት ነበረች፤ የነገረ መለኮትም ሊቅ ነበረች። በ1968 ያወጣችው መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያን ሴቶችን እንዴት እንደ ያዘች የሚመረምር ሲሆን፣ ገና ተስፋ ያልቈረጠ ሰው ጽሑፍ ነው። በ1971 በሃርቫርድ የጸሎት ቤት በእሑድ ጸሎት እንድትሰብክ በተጠራች ጊዜ ግን ስብከትዋን ፈጽማ ሰሚዎችዋን ተከተሉኝ ብላ ወጣች። በ1973 ባወጣችው መጽሐፍም እግዚአብሔርን ሁልጊዜ በወንድ አምሳል የሚያስብ ሕዝብ ወንዱን በእግዚአብሔር ስፍራ ሳያስቀምጠው አይቀርም የሚል ክርክር አቀረበች።

ለዚህ ክርክር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት መልስ አለው። በመለኮት ወንድና ሴት የለም፤ አብ የሚለው ስም ከወልድ ጋር ያለውን ነገር ይናገራል እንጂ ፆታን አይናገርም። ስለዚህ የዴሊ ክስ ትምህርቱን አያገኘውም። ልማዱን ግን ያገኘዋል። በቤቱ የእግዚአብሔር እንደራሴ ነኝ እያለ ሚስቱን የሚመታ ባል በየአገሩ መኖሩን ማን ይክዳል? ይህን ባል የሚገሥጸው ሰው ከመቅደስ ሳይሰማ ሲቀር ድምፁ ከውጭ ቢሰማ አያስደንቅም።

ነገር ግን ዴሊ በር ከፍታ ከወጣች በኋላ ሌላ በር ዘጋች። በምታስተምርበት በቦስተን ኮሌጅ በከፍተኛው ክፍልዋ ወንዶችን ከሴቶች ጋር አላስተምርም፤ ለብቻቸው አስተምራቸዋለሁ በማለትዋ ክርክር ተነሥቶ በ1999 ማስተማርዋን ተወች። ግንቡ ፈረሰ ሲባል ወዲያ ማዶ ተሠርቶ ተገኘ። በ1978 ባወጣችው መጽሐፍም ላይ ጥቁሯ ባለ ቅኔ ኦድሪ ሎርድ በ1979 በደብዳቤ ነቅፋታለች። ነቀፌታውም የአውሮጳን ሴቶች ከነክብራቸውና ከነጥበባቸው ስታነሣ የአፍሪካን ሴቶች የምታነሣው ተጐጂ ብቻ አድርጋ ነው የሚል ነው። ይህ ለእኛ ለአፍሪካውያን የሚገባን ነቀፌታ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ኀዘኔታ ብዙ ጊዜ የሚያዝንለትን ሰው ስም ሳይጠይቅ ያልፋል።

ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጡ ገዥን መቋቋም እንደሚቻልም የእኛው መጻሕፍት ይመሰክራሉ። በ1672 በግዕዝ የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ የመኳንንት ወገን የሆነች ሴት የንጉሡ የሱስንዮስ ሹም የነበረውን ባልዋን ትታ እንደ መነኰሰች፣ ስለ ሃይማኖትዋም በንጉሥ ፊት ቀርባ እንደ ጸናች፣ ተሰድዳም እንደ ተመለሰች፣ ብዙ ማኅበርም እንደ መራች ይናገራል። ይህን ገድል የሚያነብ ሰው ሴት አትናገር፣ ሴት አትምራ የሚለውን ቃል ከአባቶች ያገኘሁት ነው ብሎ በድፍረት ሊናገር አይችልም።

አራተኛይቱ ፊሊስ ትሪብል ናት። ይህችን ሊቅ ከአራቱ ወገኖች ለአንዱ ብቻ ልናስጠጋት አንችልም፤ ሥራዋ ብሉይ ኪዳንን በዕብራይስጥ ቋንቋው ቃል በቃል መርምሮ ማንበብ ነውና። በ1978 ባወጣችው መጽሐፍ ስለ ሔዋን የተለመደውን አነጋገር ከሥሩ ትፈትነዋለች። ሔዋን ረዳት ተብላለች፤ እንግዲያስ ከአዳም ታንሳለች ለሚሉት መልስዋ ይህ ነው፤ ዔዜር የሚለው የዕብራይስጥ ቃል በመጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለእግዚአብሔር ነው፤ ረዳትነትም ማነስን አያመለክትም። እኛም ይህን ለማስተዋል ሩቅ አንሄድም፤ አልዓዛር የሚለው ስም እግዚአብሔር ረዳ ማለት ነው፤ በቃሉም ውስጥ ያለው ይኸው ረድኤት ነው። ደግሞም የግዕዙ ኦሪት በዚያ ስፍራ ሔዋንን ቢጽ ይላታል፤ ቢጽም ባልንጀራ ማለት ነው እንጂ አገልጋይ ማለት አይደለም። የአሜሪካይቱ ሊቅ በብዙ ድካም የደረሰችበት ትርጕም በደብተራ አፍ ሲነገር ኖሯል ማለት ነው፤ በሰርግም በቅዳሴም የሰማነው ቃል በቤታችን ለምን ሳይሰማ እንደ ቀረ ግን እያንዳንዱ ራሱን ይጠይቅ።

ትሪብል በዚህ አላቆመችም። በ1984 ባወጣችው ሌላ መጽሐፍ አስደንጋጭ ያለቻቸውን የአራት ሴቶች ታሪኮች መረመረች፤ እነርሱም አጋር፣ የዳዊት ልጅ ትዕማር፣ የዮፍታሔ ልጅ፣ በመጽሐፈ መሳፍንትም ስምዋ ያልተጻፈው ያች የተገደለች ሴት ናቸው። ሔዋንን በቃል ምርመራ ከነቀፌታ ማዳን ይቻላል፤ እነዚህን አራቱን ግን ቃል ብቻ አያድናቸውም፤ መከራቸው በቃል አተረጓጐም የመጣ አይደለምና። አንባቢው ሊያደርግ የሚችለው ዐይኑን ሳይመልስ ማንበብ ነው ብላ ታስተምራለች። ይህ ለትችት ሰው ታላቅ ትምህርት ነው።

አምስተኛይቱ፣ በእኛ ፍርድ ከሁሉም ጠልቃ ያነበበችው፣ ዴሎሪስ ዊልያምስ ናት። ጥቁር አሜሪካዊት፣ በኒውዮርክም ዩኒየን በሚባለው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። በ1993 ያወጣችው መጽሐፍ «በበረሓ ያሉ እኅቶች» ማለት ነው። የቆመችበትም ወገን ዉማኒስት ይባላል፤ ይህን ስም ለጥቁር ሴቶች ትምህርት በ1983 ያስታወቀችው ጸሓፊዋ አሊስ ዎከር ናት። ከላይ የጠቀስነው አራተኛው ወገንና የሥራውን ነገር የሚጠይቀው ሁለተኛው ወገን በዚህች ሴት መጽሐፍ ላይ ይገናኛሉ።

ዊልያምስ የአጋርን ታሪክ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አጋር ግብጻዊት ናት፤ ባሪያ ናት፤ ማኅፀንዋ እንኳ የራስዋ አይደለም፤ እመቤትዋ ልጅ ስላጣች ለጌታዋ ትሰጣታለች። በፀነሰች ጊዜ መናቅ መጣ፤ ከመናቅም መከራ፤ ከመከራም ሽሽት። በበረሓ ምንጭ አጠገብ መልአክ አገኛት። ልብ ብሎ ያነበበ ሰው እንደሚያየው አብርሃምም ሣራም አንድ ቀን በስምዋ አልጠሩዋትም፤ በንግግራቸው ሁሉ ባሪያ ናት፤ በስምዋ የጠራት መልአኩ ነው። እርስዋም የተናገራትን አምላክ በሚያይ ስም ጠራችው፤ ለእግዚአብሔር ስም አወጣች ተብሎ የተጻፈላትም እርስዋ ናት። ዊልያምስ በዚህ ታሪክ የሕዝብዋን ሴቶች ታያለች፤ የሌላውን ልጅ ያጠቡ፣ የሌላውን ቤት ያቀኑ፣ የገዛ ልጆቻቸውን ግን በእጃቸው ያላቈዩ ሴቶችን ታያለች።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ለአማኝ አንባቢ ከባድ ነው፤ ዊልያምስም አልሸፋፈነችውም። መልአኩ አጋርን ወደ እመቤትዋ እንድትመለስ አዘዛት። ነፃ አውጪ አምላክ ባሪያይቱን ወደ ባርነት ለምን ይመልሳታል? የደራሲይቱ መልስ ይህ ነው፤ እግዚአብሔር በዚህ ስፍራ ነፃ ሲያወጣ አይታይም፤ በሕይወት ሲያቈይ ይታያል፤ የፀነሰች ሴት በበረሓ ያለ ውኃና ያለ እህል ትሞታለችና። በኋለኛው ምዕራፍ አጋር ነፃ ትወጣለች፤ ነገር ግን በትከሻዋ የተጫነው እንጀራና አንድ አቍማዳ ውኃ ብቻ ነው፤ ውኃውም ያልቃል። በመጀመሪያው ጊዜ እንጀራ ያለ ነፃነት፤ በሁለተኛው ጊዜ ነፃነት ያለ እንጀራ። የሴቶችን ትክክልነት የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ከነዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዘው ይሟገታሉ፤ የአጋር ታሪክ ግን አንዱ ያለ ሌላው እንደማይበቃ ያሳያል።

ቅዱስ ጳውሎስ አጋርንና ሣራን የሁለቱ ኪዳናት ምሳሌ አድርጎ አስተምሯል፤ እኛም ይህን ትርጓሜ በአክብሮት እንቀበላለን። ነገር ግን ምሳሌው ታሪኩን አያጠፋውም። አጋር የብሉይ ኪዳን ምሳሌ ከመሆንዋ አስቀድሞ የተጠማች ሴት ነበረች፤ ምሳሌውን የሚያስተምር መምህር ጥማትዋን የረሳ እንደ ሆነ ግማሹን ንባብ ጥሎታል። በዊልያምስ ላይ የምንነቅፈውም ነገር አለ፤ መጽሐፍዋ በአጋር ላይ እጅግ ከማተኰርዋ የተነሣ ሣራን ከበዳይነት በቀር ሌላ መልክ እምብዛም አይሰጣትም። ሣራም በባልዋ ቃል እኅቱ ተብላ በንጉሥ ቤት የተወሰደች ሴት ናት። የተበደለችው ሴት ሌላይቱን መበደልዋ ነው የታሪኩ ታላቅ ኀዘን።

ቋንቋችን በዚህ ነገር አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይዟል። አጋር ማለት በአማርኛ ደጋፊ፣ ረዳት፣ ባልንጀራ ማለት ነው፤ ሚስትንም የትዳር አጋር እንላታለን። የግብጻዊቱ ባሪያ ስም ከዕብራይስጥ የመጣ ሌላ ስም ቢሆንም በእኛ ጆሮ ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው። ሔዋን አጋር ተብላ ከፍ ስትል፣ አጋር የምትባለው ሴት በዚያው ቤት እህል ትፈጫለች። የትችታችን ዋና ነገርም ይህ ነው፤ የትክክልነት ትምህርት ሁሉ የሚፈተነው ስለ ሔዋን በሚናገረው ሳይሆን ስለ አጋር በሚናገረው ነው።

ይህ ፈተና በአገራችን ሕግ ላይም ሊነበብ ይችላል። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ ያደርገው ነበር፤ ሚስትም እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። በ2000 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን በጋብቻ ትክክል አደረጋቸው። ይህ ለሔዋን የተፈረደ መልካም ፍርድ ነው፤ ያለ ክርክርም አልተገኘም። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ግን ትርፍ ለማይገኝበት የግል አገልግሎት የሚደረገውን ቅጥር፣ ይህም ማለት የቤት ሠራተኛን ቅጥር፣ በዐዋጁ አላስገባውም፤ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው። እንግዲህ ባልና ሚስት ትክክል ሆነው በተቀመጡበት ማዕድ ወጡን ያቀረበችው ልጅ የሥራ ሰዓትዋና የዕረፍት ቀንዋ በዚያ ዐዋጅ አልተጻፈላትም።

ከባሕር ማዶም ያው ነው። በዐረብ አገሮች በብዙ ስፍራ የተሠራበት ከፋላ የሚባለው ሥርዐት የሠራተኛይቱን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ያስራል፤ ከቤቱ የወጣች እንደ ሆነ ሕግ ተላላፊ ትሆናለች፤ በቤቱ የቈየች እንደ ሆነ አቤት የምትልበት የላትም። በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ ወረርሽኙም በርትቶ በነበረ ጊዜ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ አምጥተው ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሄዱ። እመቤቶቹም ሴቶች ነበሩ። አብርሃም በማለዳ ተነሥቶ አጋርን እንዴት እንዳሰናበታት ያነበበ ሰው ይህን ወሬ በሰማ ጊዜ ምዕራፉን ለማግኘት አይቸገርም።

እንግዲህ እነዚህን መጻሕፍት እንዴት እናንብባቸው? ከሣራ ግሪምኬ ትእዛዝንና ትንቢትን መለየትን እንማራለን። ከስታንተን ድፍረትን እንወስዳለን፤ መቀሱን እንተዋለን። ከዴሊ ክሱን እንሰማለን፤ በሩን ግን አንዘጋም። ከትሪብል ዐይንን ሳይመልሱ ማንበብን እንማራለን። ከዊልያምስ ደግሞ በአንድ ቤት ሁለት ሴቶች መኖራቸውን እንማራለን፤ የአንዲቱ መከበር የሌላይቱን መዋረድ እንዳይጠይቅ መጠንቀቅን እንማራለን። ፌሚኒዝም በጅምላ የሚወደስ ወይም በጅምላ የሚወገዝ ነገር አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል፤ እርስ በርሳቸው ከእኛ ይልቅ አጥብቀው የተቃረኑ ሰዎች ናቸውና።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጋዜጣ በእሑድ ከቅዳሴ ተመልሰህ፣ ወይም ተመልሰሽ፣ በቤት ውስጥ ታነብቡት ይሆናል። በጓዳ ያለችው ልጅ እሑድዋን አግኝታ እንደ ሆነ፣ ደመወዝዋም በእጅዋ ገብቶ እንደ ሆነ፣ የማታ ትምህርት ትሄድ እንደ ሆነ መጠየቅ ብዙ መጽሐፍ አያስፈልገውም። በስምዋ ጥሩዋት፤ በበረሓ ምንጭ አጠገብ መልአኩ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበረና።